ከብሩሽ ወደ ቀለጠ እርሳስ፤ የሚስትራል ፊደል አነሣሥና አገልግሎት

በ1953 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ፈረንሳይ፣ በማርሴይ የወደብ ከተማ የሚገኘው ኦሊቭ የተባለ አነስተኛ የማተሚያ ፊደል ፋብሪካ አንድ አዲስ ፊደል ለገበያ አቀረበ። ስሙ ሚስትራል ነበር። ሚስትራል በሮን ወንዝ ሸለቆ ቁልቁል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር የሚነፍሰው፣ የአገሩ ሕዝብ በብርታቱና በቅዝቃዜው የሚያውቀው ነፋስ ስም ነው። ፊደሉም እንደ ስሙ ነበር። እንደ ሌሎቹ የማተሚያ ፊደላት ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ መስመር ጠብቆ አይሰለፍም። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል፤ የጭረቱ ዳር ቀለም እንደጨረሰ ብሩሽ ሻከር ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ከጎረቤቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሄዳል። የታተመውን ቃል ያየ ሰው፣ የሠለጠነ እጅ በችኮላ የጻፈው ደብዳቤ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሆኖም እያንዳንዱ ፊደል የቀለጠ እርሳስ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ፣ ከአራት ማዕዘን አካሉ ንቅንቅ የማይል ብረት ነበር።

የዚህ ፊደል ታሪክ የሚያነሣው ጥያቄም ከዚሁ ይመነጫል። የአንድ ሰው የእጅ ጽሕፈት በሺህ ተባዝቶ በሥጋ ቤት በር፣ በዳቦ ቤት ከረጢትና በሠርግ መጥሪያ ላይ ሲወጣ፣ ያ እጅ የማን ነው? የሠዓሊው ነውን? ብረቱን እየለቀመ ቃሉን የገጠመው የፊደል ለቃሚ ነውን? ወይስ ዋጋውን የከፈለው ባለ ሱቅ?

ጥያቄው ከሚስትራል በፊት ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ነው። ብሩሽ ከጥንት ጀምሮ የአደባባይ ፊደል መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። በ79 ዓ.ም. በቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ አመድ ሥር ተቀብራ የቀረችው የኢጣልያዋ ፖምፔይ ከተማ በተቆፈረች ጊዜ፣ በቤቶቿ ግድግዳ ላይ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ የምርጫ ቅስቀሳ ጽሑፎች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ በቀይ ወይም በጥቁር ቀለም በብሩሽ የተጻፉ ናቸው። ሥራው የራሱ ባለሙያዎች ነበሩት፤ አንዱ ግድግዳውን በኖራ ያነጣ ነበር፣ አንዱ መሰላል ይይዝ ነበር፣ አንዱ ይጽፍ ነበር። ከእነዚህ ጸሐፊዎች መካከል ኤሚልዮስ ኬለር የተባለው፣ ጽሑፉን ብቻውን በጨረቃ ብርሃን እንደጻፈው ከግድግዳው ላይ አስፍሮ ትቷል። የዕጩዎቹ ስም ዛሬ ለታሪክ ተመራማሪ ካልሆነ ለሌላ ሰው ብዙም ትርጉም የለውም፤ ሌሊት ብሩሽ ይዞ የቆመው ሠራተኛ ግን ወደ ሁለት ሺህ ከሚጠጉ ዓመታት በኋላም ይታወቃል።

በድንጋይ ላይ የተቀረጹት የሮም ትላልቅ ፊደላት ሳይቀሩ የብሩሽ ልጆች ናቸው የሚል አስተያየትም አለ። በወጣትነቱ በቺካጎ ታፔላ ጸሐፊ የነበረውና በኋላ ቄስ የሆነው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ካቲች፣ በ1968 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ በ113 ዓ.ም. በቆመው የትራያን ዓምድ ሥር ያለውን ጽሑፍ መርምሮ፣ ፊደላቱ በመሮ ከመቀረጻቸው በፊት በጠፍጣፋ ብሩሽ ድንጋዩ ላይ ተጽፈው እንደነበር አስረድቷል። በፊደላቱ ጫፍ ላይ የሚታየው ትንሽ እግርም በእርሱ አስተያየት የመሮ ሳይሆን የብሩሽ አጀማመርና አጨራረስ ምልክት ነው። ይህን ለማየት የበቃው ሰው በቤተ መጻሕፍት ብቻ የተማረ ሊቅ ሳይሆን ታፔላ ጽፎ የኖረ እጅ ያለው ሰው መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

የማተሚያ ፊደልም ሲወለድ የእጅ ጽሕፈት አምሳያ ሆኖ ነው። ጉተንበርግ በ1450ዎቹ በማይንትስ መጽሐፍ ቅዱስን ሲያትም፣ የላቲን ፊደል ጥቂት ሆኖ ሳለ 290 ያህል የተለያዩ የብረት ቅርጾችን ያዘጋጀው፣ የቁም ጸሐፊዎችን ምሕጻረ ቃልና ተጣማሪ ፊደል ሁሉ ለማስመሰል ነበር። በ1501 ዓ.ም. በቬኒስ አልዶ ማኑዚዮ ያሳተመው፣ ፍራንቼስኮ ግሪፎ የቀረጸው ዘንበል ያለ ፊደል በጊዜው ከነበሩ ጸሐፍት ፈጣን የእጅ ጽሕፈት የተቀዳ ነው። በ1513 ዓ.ም. በሮም ዮሐንስ ፖትከን የግእዝ መዝሙረ ዳዊትን ሲያሳትም ፊደሉ የተቀዳው ከብራና ነው። በ1557 ዓ.ም. ደግሞ ሮበር ግራንዦን በሊዮን ከተማ፣ ፈረንሳውያን በየዕለቱ የሚጽፉበትን ቅጥልጥል ጽሕፈት በብረት ቀርጾ፣ ኢጣልያውያን የራሳቸው ፊደል እንዳላቸው ሁሉ ፈረንሳውያንም የራሳቸው ይኑራቸው በሚል ሐሳብ አቀረበው። ሐሳቡ ብዙ አልገፋም። አንባቢው ቀና ያለውንና ለዓይን የሚቀለውን የሮም ፊደል መረጠ፤ የግራንዦን ፊደልም ከጊዜ በኋላ ይበልጡን የልጆች ሥነ ምግባር ማስተማሪያ መጻሕፍት ፊደል ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍና የእጅ ጽሕፈት ተለያዩ። የእጅ ጽሕፈትን የሚያስመስሉ ፊደላት ለመጥሪያ ወረቀት፣ ለባንክ ሰነድና ለስም ካርድ ብቻ የሚወጡ የክት ልብስ ሆኑ። ለዚህም አንዱ ምክንያት ብረቱ ራሱ ነው። የማተሚያ ፊደል ከእርሳስ፣ ከአንቲሞኒና ከቆርቆሮ ቅልቅል የሚፈስ፣ ባለ አራት ማዕዘን ትንሽ አካል ነው። ቅርጹ ከአካሉ ክልል እንዳይወጣ ይገደዳል፤ ከወጣም ያ ትርፍ ጫፍ ከጎኑ ባለው ፊደል ላይ ተንጠልጥሎ በማተሚያው ጫና ይሰበራል። እጅ ግን ክልል አያውቅም፤ ዘንበል ይላል፣ ይዘረጋል፣ ከላይኛው መስመር ወደ ታችኛው ይወርዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፊርመን ዲዶ በፓሪስ፣ ዘንባላ ጽሕፈትን ለማተም ሲል የብረቱን አካል ራሱን አዘንብሎና እርስ በርሱ እንዲቆላለፍ አድርጎ እስከ መሥራት ደርሶ ነበር። ውጤቱ ያማረ ነበር፤ ለፊደል ለቃሚው ግን ፈተና ነበር።

ብሩሽ ወደ ማተሚያ ቤት የገባው በንግድ በር ነው። በአሜሪካ ከተሞች የሱቅ መስኮት ማስታወቂያ የሚጽፉ ባለሙያዎች፣ ቅናሽ የተደረገበትን ዕቃና ዋጋውን በብሩሽ በፍጥነት ይጽፉ ነበር፤ ያም ጽሕፈት ትኩስነት ነበረው። ዛሬ ጠዋት የተጻፈ ይመስላል፣ ሰው ከመደብሩ ውስጥ ወጥቶ የሚናገር ይመስላል። የአሜሪካ የማተሚያ ፊደል አምራቾች ማኅበር ይህን ድምፅ በብረት ሊሸጠው ፈለገ። በ1942 ዓ.ም. ሮበርት ስሚዝ የነደፈው «ብራሽ ስክሪፕት»፣ ማለትም የብሩሽ ጽሕፈት፣ በዚህ መንገድ ወጣ። ትንንሾቹ ፊደላት ይያያዛሉ፤ ጭረቱ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ሁሉም ወደ ቀኝ አዘንብሎ የሚሮጥ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት የማስታወቂያ ገጾችን አጥለቀለቀ። ትልልቅ ኩባንያዎች ዕቃቸውን በፋብሪካ በሚያመርቱበትና ገዢው ሻጩን ፈጽሞ በማያውቅበት ዘመን፣ የእጅ ጽሕፈት አምሳያ ያን የጠፋ ትውውቅ ለመተካት ተፈለገ። ሸቀጡ ከማሽን ወጣ፤ ስሙ ግን በእጅ የተጻፈ መሰለ።

ወደ ማርሴይ እንመለስ። ሮዤ ኤክስኮፎን በ1910 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ተወለደ። በኤክስ አን ፕሮቫንስ ሕግ ተማረ፤ ነገር ግን ልቡ ሥዕል ላይ ስለነበር ወደ ፓሪስ ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የራሱን የማስታወቂያ ድርጅት አቋቋመ፤ ጎን ለጎንም የኦሊቭ ፊደል ፋብሪካ የጥበብ ኃላፊ ሆነ። የፋብሪካው ዐቢይ ተወዳዳሪ በፓሪስ የነበረውና እንደ ካሳንድር ያሉ ስመ ጥር ሠዓሊዎችን ያሠራ የነበረው ደበርኒ ኤ ፔኞ ነው። የማርሴዩ ቤት በመጠንም በስምም ያነሰ ነበር። የሚያዋጣው የጠቅላይ ግዛቱ አነስተኛ ማተሚያ ቤቶች፣ ማለትም የእድር ማስታወቂያን በሚመስሉ ልጥፎች፣ በደረሰኝና በሆቴል የምግብ ዝርዝር የሚተዳደሩት ባለሙያዎች፣ ከፓሪስ የማያገኙትን ነገር ማቅረብ ነበር። ኤክስኮፎን ያገኘላቸው ነገር የእጅ እንቅስቃሴ ነው። በ1951 ዓ.ም. የወጣው ባንኮ በሰፊ ጭረት የተመታ ግዙፍ የርእስ ፊደል ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስትራል ተከተለ።

የሚስትራል አሠራር ዘለግ ላለ ጊዜ ሊጤን የሚገባው ነው፤ የፊደሉ ሊቅነት የተሸሸገው እዚያ ስለሆነ። ኤክስኮፎን የሌሎች ሰዎችን ጽሕፈት ከመረመረ በኋላ በመጨረሻ የራሱን የእጅ ጽሕፈት መሠረት አደረገ። ነገር ግን የራሱን ደብዳቤ ወስዶ ፊደሎቹን መቁረጥና ማፍሰስ አይቻልም። በእውነተኛ የእጅ ጽሕፈት አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይጻፍም፤ ከፊቱ የመጣውና ከኋላው የሚከተለው ፊደል ቅርጹን ይለውጡታል። የብረት ፊደል ግን አንድ መልክ ብቻ አለው፤ ከማንም ጎን ቢቀመጥ ያው ነው። ስለሆነም ኤክስኮፎን የፈረንሳይኛ ፊደላት ከማን ጋር ደጋግመው እንደሚጎራበቱ አጠና። ከዚያም እያንዳንዱ ፊደል ሲያልቅ የሚወጣው ጭረት የአካሉን ጠርዝ በአንድ ከፍታና በአንድ ውፍረት እንዲነካ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ማንኛውም ፊደል ከዚያው ነጥብ እንዲቀበለው አደረገ። መገጣጠሚያው እንደ ባቡር ፉርጎ መንጠቆ ነው፤ ፉርጎው ምንም ይጫን ምን፣ መንጠቆው ከሁሉም ጋር ይገጥማል።

መገጣጠሚያው በዚህ ጥብቅነት ከተገዛ በኋላ፣ የቀረው የፊደሉ ክፍል ነጻ ተለቀቀ። አንገቱ የሚረዝም ይረዝማል፤ እግሩ የሚወርድ ይወርዳል፤ ሆዱ የሚሰፋ ይሰፋል። ዓይን የሚያየው ይህን ነጻነት ብቻ ስለሆነ፣ ሥርዐቱን አያስተውለውም። ዳሩን ሻካራ ማድረጉም እንዲሁ ለጌጥ ብቻ የታሰበ አይደለም፤ ሁለት ብረቶች በሚገናኙበት ስፍራ የምትቀረውን ቀጭን ክፍተት ዓይን የብሩሹ መድረቅ አድርጎ እንዲያልፋት ይረዳል። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ የነደፈው ሠዓሊው ቢሆንም፣ በብረት እውን ያደረጉት የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው፤ ከፀጉር በቀጠነ ልክ መገጣጠሚያውን መጠበቅ የእነርሱ ሙያ ነበር። በካታሎጉ ላይ የእነርሱ ስም አይገኝም። በአማርኛ እርሳስ የሚለው ቃል የብረቱም የመጻፊያውም ስም መሆኑ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ስያሜ ያስመስለዋል፤ የኤክስኮፎን እርሳስ በሠራተኞቹ እርሳስ ውስጥ ገብቶ ነው ሚስትራል የተባለው።

በ1954 ዓ.ም. ማክሲሚልየን ቮክስ የማተሚያ ፊደላትን በየወገናቸው ሲመድብ የእጅ ጽሕፈትን ለሚያስመስሉት የራሳቸውን ክፍል ሰጣቸው። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ኤክስኮፎን «ሾክ» የተባለውን አወጣ፤ ይህም የሚስትራል ወፍራም ወንድም እንዲሆን ተጀምሮ የራሱን ጠባይ ያወጣ፣ በቀለም የጠገበ ብሩሽ ምት ነው። ኤክስኮፎን በብሩሽ ብቻ አልቀረም። ለኤር ፍራንስ ሠርቷል፤ በ1968 ዓ.ም. በግሬኖብል ለተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ዓርማውን ነድፏል። ሰፊው ሕዝብ ግን የሚያውቀው ስሙን ሳይሆን የእጅ ጽሕፈቱን ነበር።

ምክንያቱም ሚስትራል ከወረቀት ወጥቶ መንገድ ላይ ዋለ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በፈረንሳይ ከተሞችና መንደሮች የቡና ቤት፣ የሥጋ ቤት፣ የፀጉር ማስተካከያ፣ የልብስ ንጽሕና መስጫና የጋራዥ በሮች ሚስትራልን፣ ሾክንና ባንኮን ለበሱ። ለመጥሪያና ለካርድ የተነደፈው ፊደል በቆርቆሮ ተቆርጦ፣ በፕላስቲክ ተቀርጾ፣ በኒዮን መብራት ታጥፎ ከበር በላይ ተሰቀለ። ነገሩ አንድ አስገራሚ ዙር አጠናቀቀ። ማተሚያ ቤቱ የታፔላ ጸሐፊውን ብሩሽ አስመስሎ ነበር፤ አሁን ታፔላ ጸሐፊው በእጁ እውነተኛ ብሩሽ ይዞ፣ ከማተሚያ ቤት ካታሎግ ላይ ያለውን የብሩሽ አምሳያ ይገለብጥ ጀመር። ደንበኛው «እንዲህ አድርግልኝ» ብሎ የሚያሳየው ካታሎጉን ነበርና።

እዚህ ላይ በሁለት በኩል መፍረድ ያስፈልጋል። ሚስትራል ሠዓሊ ለመቅጠር አቅም ለሌለው የገጠር አታሚ ትልቅ ሀብት ነበር፤ አንድ ጊዜ በተከፈለ ዋጋ፣ የአንድ ጎበዝ የማስታወቂያ ሠዓሊ እጅ በየዕለቱ በማተሚያ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የሠፈር ዳቦ ጋጋሪም ከፓሪስ ሽቶ ነጋዴ ያላነሰ ጌጥ ያለው ስም በበሩ ላይ ሰቀለ። ይህ የጥበብን ፍሬ ለብዙዎች ማካፈል አይደለም ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል ግን፣ እንጀራውን በብሩሽ የሚበላው ሰው የነበረው አንድ ብልጫ፣ ማለትም ጽሕፈቱ ከሌላ ሰው ጽሕፈት ጋር አለመመሳሰሉ፣ በዚህ ተወሰደበት። የእያንዳንዱ መንደር ታፔላ የዚያ መንደር ጸሐፊ እጅ ምልክት ሆኖ ኖሮ ነበር፤ አሁን ከሰሜን እስከ ደቡብ አንድ ማርሴያዊ የጻፈው መሰለ።

አጠቃቀሙም የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉን የሚጥሱት ግን ከሚያከብሩት ይበዛሉ። የብሩሽ ጽሕፈት ፊደል ለስም፣ ለአጭር ርእስ፣ ለአንድ ሐረግ እንጂ ለረዥም ንባብ አይሆንም። የእንቅስቃሴው ብዛት ዓይንን በሁለተኛው አንቀጽ ያደክመዋል። ትላልቆቹ የላቲን ፊደላት በቃል መነሻ ላይ ብቻቸውን እንዲቆሙ የተነደፉ ስለሆኑ፣ አንድን ቃል በሙሉ በእነርሱ ብቻ መጻፍ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጮኹበት ስብሰባ ያደርገዋል። ፊደሎቹን አራርቆ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሠዓሊውና ሠራተኞቹ የደከሙበት መገጣጠሚያ ተበጥሶ፣ ጭረቶቹ ባዶ ወደ ባዶ ሲዘረጉ ይታያሉ። ሐዘንን፣ ሕግን ወይም ማስጠንቀቂያን በዚህ ፊደል መጻፍም አይገባም፤ «ከፍተኛ ኤሌክትሪክ፣ አትንካ» የሚለው ቃል በፈገግታ ሲነገር ማን ያምነዋል?

ከዚህ የከበደ ጥፋትም አለ። የብሩሽ አምሳያ አንድን ሕዝብ ለማልበስ የተሠራበት ጊዜ ነበር። በ1883 ዓ.ም. በአሜሪካ ክሊቭላንድ «ቻይናዊ» የሚል ስም ይዞ የወጣ፣ በኋላ «ማንዳሪን» የተባለ የላቲን ፊደል፣ የቻይናን ብሩሽ ምት አስመስሎ የቀረበ ነበር። ጭረቶቹ እንደ ቢላዋ የሾሉ ናቸው፤ የቻይና ጸሐፊ በልጅነቱ የሚማረው የብሩሽ አያያዝ ግን፣ አጀማመሩ፣ ጫናውና አጨራረሱ በሥርዐት የተለካ ስለሆነ ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። ያም ሆኖ በአሜሪካ ከተሞች የቻይና ምግብ ቤቶች መለያ ሆኖ ለትውልዶች ዘለቀ፤ በቻይናውያን ላይ ለሚሳለቁ ልጥፎችና ካርቱኖችም አገለገለ። ባለ ምግብ ቤቶቹ ራሳቸው የተጠቀሙበት፣ አላፊ አግዳሚው ሌላ የሚያውቀው ምልክት ስለሌለው ነበር። ኤክስኮፎን የራሱን እጅ ጻፈ፤ የክሊቭላንዱ ፊደል ግን ስለ ሌላ ሕዝብ እጅ የተነገረ ሐሜት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሥነ ውበት ልዩነት ብቻ አይደለም።

የብረት ፊደል ዘመን ብዙም አልቆየ። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ሌትራሴት የተባለው፣ በጣት እየታሸ ከፕላስቲክ ወደ ወረቀት የሚዛወር ፊደል ተስፋፋ፤ ፊደልን በፎቶግራፍ መልቀምም ተከተለ። እርሳሱን የማቅለጥ ሥራ ትርፍ አልባ ሆነ። ኦሊቭ በ1978 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዱ ሐስ ፋብሪካ ተላልፎ ሥራው አበቃ፤ ኤክስኮፎንም በ1983 ዓ.ም. ዐረፈ። የእጅ ጽሕፈቱ ግን ከፋብሪካውም ከባለቤቱም ዕድሜ በለጠ። ሚስትራል ከማይክሮሶፍት የቢሮ ፕሮግራሞች ጋር በሚሊዮኖች ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ፤ በ2011 ዓ.ም. የዴንማርኩ የፊልም አዘጋጅ ኒኮላስ ዊንዲንግ ሬፍን «ድራይቭ» ለተባለው ፊልሙ የመክፈቻ ጽሑፍ በሐምራዊ ቀለም ተጠቀመበት። በኮምፒዩተር ዘመን አዲስ የተወለዱት የብሩሽ ፊደላት ደግሞ ብረት ያልፈቀደውን አገኙ። አንድ ፊደል በርካታ መልክ ተዘጋጅቶለት እንደ ጎረቤቱ ይለዋወጣል፤ ሁለት አንድ ዓይነት ፊደላት በአንድ ቃል ውስጥ ጎን ለጎን ሲወድቁ መንታ እንዳይመስሉ ፕሮግራሙ ራሱ አንዱን ይለውጠዋል። ኤክስኮፎን በአንድ ብልሃት ያለፈውን፣ እነዚህ በብዛት ይሻገሩታል። የትኛው ይበልጣል ቢባል፣ ከጠባብ ክልል ውስጥ ሰፊ እንቅስቃሴ ያወጣው የፊተኛው ሥራ ሳይበልጥ አይቀርም።

ይህ ሁሉ በላቲን ፊደል የሆነ ነው። በኢትዮጵያ ብሩሽ በማተሚያ ብረት ውስጥ ሳይሆን በሰው እጅ ላይ ቆየ። የሱቅ ታፔላ፣ በቀይ ጨርቅ ላይ በነጭ ቀለም የሚጻፍ መፈክር፣ የቴአትር ማስታወቂያ፣ የጭነት መኪና ግንባር ጽሑፍ ሁሉ የብሩሽ ሥራ ነበር፤ የብዙ መጻሕፍት ርእስ ሳይቀር በእርሳስ ፊደል ሳይሆን በሠዓሊ እጅ በሽፋኑ ላይ ይጻፍ ነበር። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ግን በኮምፒዩተር የሚታተመው ባነር ይህን ሥራ በብዛት ወስዶታል፤ በማርሴይ ካታሎግ ምክንያት የፈረንሳይ ታፔላ ጸሐፊ ያጣውን፣ የአዲስ አበባው በማተሚያ ማሽን አጣ። የግእዝ ፊደል በ1999 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዐት ከገባ ወዲህ ለፊደሉ አዳዲስ ቅርጾችን መንደፍ ቀሏል። ከዚህም የተነሣ፣ እንደ ሚስትራል ያለ የአማርኛ ብሩሽ ፊደል ለምን አይሠራም የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው።

መልሱ ከፊደሉ ባሕርይ የሚገኝ ነው። የመጀመሪያው ችግር ብዛት ነው። ላቲን 26 ፊደላትን በሁለት መልክ ቢፈልግ፣ አማርኛ ዲቃሎቹንና አኃዙን ሳይጨምር 231 ይፈልጋል። ይህ ግን ድካም እንጂ መሰናክል አይደለም። ዋናው መሰናክል መያያዙ ላይ ነው። ሚስትራል ሕይወቱን የሚያገኘው ከፊደል ወደ ፊደል ከሚሻገረው ጭረት ነው፤ በግእዝ ፊደል ደግሞ ያ ጭረት የሚያርፍበት ስፍራ ባዶ አይደለም፤ የአናባቢው ቤት ነው። በላ የሚለውን ቃል መመልከት ይበቃል። በን ከላ ጋር ለማያያዝ ከበ ቀኝ ጎን፣ ከወገቡ ላይ ጭረት ቢወጣ፣ ቃሉ ቡላ ይሆናል። ጭረቱ ዝቅ ብሎ ከእግሩ ቢወጣ፣ ቢላ ይሆናል። ከፊቱ ካለ ፊደል የመጣ ጭረት በግራ በኩል ገብቶ ቢነካው፣ ብላ የተባለ ሊመስል ነው። ምግቡ የተበላው፣ የሚበላው፣ የሚቆረጥበትና ትእዛዙ ሁሉ በአንዲት ጭረት ቦታ ይለያያሉ።

በመቃ ብርዕ የሚጽፉት ቁም ጸሐፊዎች እያንዳንዱን ፊደል በራሱ አቁመው በመካከሉ አየር የተዉት ከዝግታ የተነሣ ብቻ አልነበረም። ታፔላ ጸሐፊዎችም ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል። ፍጥነትን ሲፈልጉ ፊደል ከፊደል አያያይዙም፤ ፊደሉን በሙሉ ወደ ቀኝ ያዘነብሉታል፤ ብሩሹን ከላይ ጫን፣ ከታች ለቀቅ ያደርጉታል፤ ክቡን እንደ ዐና እንደ ፀ ባሉት ላይ በአንድ ትንፋሽ ያዞሩታል። እጃቸው በነጻ የሚዘረጋበት አንድ ስፍራም አለ። በላ፣ በሳና በባ ላይ ረዝሞ የሚወርደው የራብዕ ቀኝ እግር ከመስመሩ በታች ምንም ያህል ቢወነጨፍ፣ ንባቡን ወደ ሌላ አይለውጠውም። የኤክስኮፎን ነፋስ በአማርኛ ቢነፍስ የሚነፍሰው በዚያ በኩል ነው።